ቤቱን በፌሮ ስንቆጥር፦ ደሴ ላይ ኮንዶሚኒየም የመሸጥ ማስታወሻ

ጥቅምት 11፣ 2017

ሰኞ ገበያ ውዬ ስመለስ እማ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ሁለተኛ ፎቅ ላይ። ቤታችን ሦስተኛ ላይ ነው። «ትንሽ ላርፍ ብዬ ነው» አለችኝ። ምን ያህል እንዳረፈች አልነገረችኝም። አጠገቧ ያለው ጎመን ግን ጠውልጓል።

ማታ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን ወሰንን። ቤቱ ይሸጣል።

ነገሩ ድንገት የመጣ አይደለም። ኮምቦልቻ የጀመርነው ቤት መሠረቱ ወጥቶ፣ ኮለኑ ቆሞ፣ ፌሮው (የግንባታ ብረት ዘንጉ) እንደ ጃርት እሾህ ወደ ሰማይ ተቀስሮ ሁለት ክረምት ዝናብ መትቶታል። ባለቤቴ የምትሠራው እዚያው ኮምቦልቻ ነው። ጠዋት የሐረጎን ተራራ ትወርዳለች፣ ማታ ሐረጎን ትወጣለች። 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው ይባላል። ጉም ሲወርድበት ግን ሃምሳ ይሆናል። የእማ ጉልበት ደግሞ የደሴን ብርድ ጠልቷል። ኮምቦልቻ ከእኛ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ ሙቀቷ ብቻውን መድኃኒት ነው።

ዋጋ እንዴት እንደተመንን ልጻፍ፤ ኋላ እንዳልክድ። ባለ ሁለት መኝታ ነው፤ ከሳሎኑ መስኮት የጦሳ ተራራ ይታያል። ፀጉር አስተካካዬ «ከ3.5 ሚሊዮን በታች እንዳትሰማ» አለኝ። የጎረቤት ሕንፃ ውስጥ አንዱ ዓምና በ3.4 ሸጠ ተብሏል። ማን እንደገዛው ግን የሚያውቅ የለም። እኔም እንደ ደግ ሰው ዝቅ አደረግሁና 3,200,000 አልኩ። በቃ። ይህ ነው ጥናቱ።

ባለቤቴ የራሷ ደብተር አላት። ቤት መሥራት ከጀመርን ወዲህ ማንኛውንም ገንዘብ የምትለካው በፌሮ ነው። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ ርዝመቱ 12 ሜትር የሆነውን። አንዱ ዘንግ 10 ኪሎ ከ660 ግራም ይመዝናል፤ በሜትር 888 ግራም መሆኑን በቃሏ ታውቀዋለች። ዛሬ ኮምቦልቻ አንዱን 1,350 ብር ብለዋታል። አካፈለችና ጻፈች፦ «ቤት = 2,370 ፌሮ»።

ሳቅሁባት።

ጥቅምት 15

ሰነድ። የይዞታ ካርታው አለ። የግብር ደረሰኞቹ አሉ። ከዕዳና ከእገዳ ነፃ የሚል ማስረጃ ማውጣት አለብኝ። የጋብቻ ማስረጃም ያስፈልጋል፤ የጋራ ቤት ስለሆነ ሁለታችንም ካልፈረምን ሽያጭ የለም።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። የአያቴ ስም ካርታው ላይ በ«ሐ» ተጽፏል። መታወቂያዬ ላይ በ«ኃ»። አያቴ ማንበብም መጻፍም የማይችሉ ሰው ነበሩ። በየትኛው ሀ እንደሚጠሩ ግድ ሰጥቷቸው አያውቅም። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ግን ግድ ሰጣት። «አንድ ሰው ስለመሆንዎ ማስረጃ ያምጡ» አለችኝ። አንድ ሰው ነኝ። እኔ ነኝ። አልበቃም።

ኋላ እንዳየሁት ሦስት ሳምንት ፈጀ። ቤት ልትሸጡ ያሰባችሁ ካላችሁ ከቀለምም ከደላላም በፊት ካርታችሁንና መታወቂያችሁን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ፊደል በፊደል አንብቡ።

ኅዳር 5

የሥራው ክፍል እዚህ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ።

የባኞ ቤታችን ጣሪያ ላይ የኢትዮጵያን ካርታ የሚመስል እድፍ አለ። ዓመታት አብረን ኖረናል። ገዥ ሲመጣ ግን መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ስለዚህ ፍቄ ቀባሁት። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁ፣ ስቱኮ አስገባሁ፣ ሁለት እጅ ነጭ ቀለም በሩሎ አሳረፍኩ። አማረ። በአምስተኛው ቀን ካርታው ተመለሰ። እንዲያውም ሰፍቶ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሳላውቅ መልኩን ነው ያከምኩት።

አራተኛ ፎቅ ወዳሉት ሐጂ ወጣሁ። በሕንፃው ውስጥ ሁላችንም ሐጂ ነው የምንላቸው። «ሐጂ፣ ባኞ ቤትዎን ልይ» አልኳቸው። «ግባ ልጄ፤ የማታየው ነገር የለም» አሉኝ። ወለላቸው በዓይን ሲታይ ደህና ነው። የቧንቧ ሠራተኛው ያሳየኝ ዘዴ ግን ቀላልና ጥሩ ነው። የወለሉን መፋሰሻ በጨርቅ ጥርቅም አድርገህ ትወትፋለህ። ሦስት ጣት የሚያህል ውሃ ታቆርበታለህ። አንድ ቀን አንድ ሌሊት ትተወዋለህ። ከታች ሆነህ ጣሪያህን ታያለህ። በበነጋው ጠዋት ካርታው ማላብ ጀመረ።

ሴራሚኩን አነሳነው። የፍሳሽ ቱቦው ከወለሉ ጋር በሚገናኝበት ዙሪያ ሲሚንቶው ተሰንጥቆ እጅ ያስገባል ማለት ይቻላል። ሕንፃው ሲሠራ ጀምሮ እንዲያ ነበር። ቱቦውን ዙሪያውን ፈልፍለን አጸዳን፣ ውሃ በማያስገባ ድብልቅ ሞላነው፣ ሴራሚኩን መልሰን አነጠፍን። ሐጂ ለሦስት ቀን ሲታጠቡ የሰነበቱት እኛ ቤት ነው። በየቀኑ ታጥበው ሲወጡ ጣሪያውን ቀና ብለው ያያሉ፤ «ከኔ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ!» ይላሉ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም አልቀባሁም። እንዲደርቅ። ኅዳር ደግሞ ለዚህ ጥሩ ወር ነው፤ የደሴ ፀሐይ ቀጭን ብትሆንም ደረቅ ናት።

ወጪ እስካሁን፦ የሐጂ ወለል 9,200። ቀለም፣ ሁለቴ በመቀባቴ፣ 16,500። ሕንፃው ጀርባ ያስቀመጥኩት 500 ሊትር ሮቶ ከትንሽ ፓምፕ ጋር 22,000። ድምሩ 47,700። ሮቶው ለምን እንዳስፈለገ ቀጥሎ ይገባችኋል።

ኅዳር 22

ሰዎች መምጣት ጀመሩ። እስከ ዛሬ ዘጠኝ። ስለ ጦሳ እይታ የጠየቀ የለም። ከዘጠኙ ሰባቱ በቀጥታ ኩሽና ገብተው ቧንቧ ከፈቱ። «ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ነው?» ሁለት ቀን፣ ያውም ሌሊት፣ ለሦስተኛ ፎቅ ደግሞ ጉልበት የለውም። ሮቶውን አሳያለሁ። ፓምፑን አስነሳለሁ። ፊታቸው ይፈታል። አንዲት እናት የፓምፑን ድምፅ ሰምተው «እሰይ!» አሉ። ቤቱን ግን አልገዙም፤ ሊያዩ ነው የመጡት።

ከዘጠኙ አንዱ ብቻ እውነተኛ ገዥ ነበር። ወጣት ልጅ ነው። እህቱ ሪያድ ናት፤ ቤቱን ያየችው በኢሞ ነው። ልጁ ስልኩን ይዞ እየዞረ፣ እሷ ከዚያ «ጓዳውን አዙረው፣ በሩን ክፈተው፣ አሁን ዝጋው» እያለች። ድምፁ እየተቆራረጠ ባኞ ቤቱን ሦስቴ አስደገመችው። ጣሪያውን አየች። ደርቋል። ተመስገን።

እንዲህ ዓይነት ገዥ ለምን እንዳለ ማወቅ ጥሩ ነው። ሐምሌ 22፣ 2016 የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ከመባሉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። አሁን 120 ደርሷል። የሳዑዲ ሪያል ከዶላር ጋር 3.75 ላይ የታሰረ ነው፤ ስለዚህ ያን ጊዜ 15 ብር የነበረ ሪያል ዛሬ 32 ነው። በሰው ቤት ሠርታ ሺህ ሪያል የምትቆጥብ የወሎ ልጅ እጇ ላይ ያለው ብር በእጥፍ አደገ። የእኛ ደመወዝ ግን እዚያው ነው። ከተማው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ገበያ አለ ከተባለ የነዚህ ልጆች ላብ ነው።

ልጁ 2,850,000 አለ። እጅ በእጅ፣ በአንድ ሳምንት።

እኔ ምን አልኩ? «ወንድሜ፣ 3.2 ቁርጥ ነው» አልኩ። ልጁም «ጋሼ፣ ያስቡበት» ብሎ ወረደ።

ባለቤቴ ማታ ደብተሯን አወጣች። ፌሮ 1,380 ገብቷል። «2,065» ብላ ጻፈችና ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አደረገች። «ከ3.2 በታች እኮ ነው» አልኳት። «እኔ ምን አልኩ?» አለችኝ።

ታኅሣሥ 18

ሃያ ስድስት ቀን። አንድ ሰው መጣ። እሱም የተሳሳተ ሕንፃ ገብቶ ነው።

ዛሬ ከውጭ ቆሜ ሕንፃውን ቆጠርኩት። አራት መስኮት ላይ «የሚሸጥ ቤት» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የኔ አንዱ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤቴ ሳይነግረኝ ለጥፏል፤ እኔም ስለጥፍ አልነገርኩትም። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ስለ ብርዱ ነው የምናወራው።

ደላላውን «ገበያው ምን ሆነ?» አልኩት። «ገበያው አልወደቀም ጋሼ፤ ቆሟል እንጂ» አለኝ። ይህን ቃል ሁሉም ሰው ይለዋል። ዋጋ የወረደ ሰው የለም። ሁሉም 3.2፣ 3.3 ብሎ ተቀምጧል። የገዛም የለም። ያልተሸጠ ቤት ዋጋ ደግሞ ምኞት ነው፤ ይህን የማውቀው ግን ዛሬ ስጽፈው ነው።

ባንክ ሄጄ ጠየቅሁ። ለኔ ሳይሆን ለገዥዎቼ፤ የቤት ብድር አለ ወይ ብዬ። የብድር ክፍሉ ልጅ ሻይ አስመጣልኝና በትህትና ሳቀብኝ። ብሔራዊ ባንክ ነሐሴ 2015 ላይ ባንኮች የሚሰጡትን ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያሳድጉ ወሰነ።  ያችም ብትሆን ለላኪና ለትልቅ ነጋዴ ነው የምታልቀው። ደመወዝተኛ ወረፋው ውስጥ የለም።

መንገዱም አለ። በክልላችን ግጭቱ ከተነሳበት ከ2015 ነሐሴ ወዲህ ከአዲስ አበባ ወይም ከሌላ አገር መጥቶ ቤት አይቶ የሚመለስ ሰው ቀንሷል። ሰው ዛሬ ክፍት የሆነ መንገድ ነገም ክፍት ይሁን አይሁን ሳያውቅ ሦስት ሚሊዮን ብር ግድግዳ ውስጥ አይቀብርም። በ2014 ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ከተማዋ በጦርነቱ እጅ ስትቀያየር የኛም በር ተሰብሮ ነበር። ገዥዎች አዲሱን ቁልፍ ሲያዩ «ያኔ ነው?» ይላሉ። «ያኔ ነው» እላለሁ። ከዚያ ሁላችንም ትንሽ ዝም እንላለን።

ኮምቦልቻም ያው ናት። ሐምሌ 2009 የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅ የቤት ኪራይ ሰማይ ወጣ፣ እኛም ቦታ ያገኘነው በዚያ ሙቀት ነው። በ2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድሉ፣ ስታስወጣ የፓርኩ ነገር ቀዘቀዘ። የፌሮው ዋጋ ግን አልቀዘቀዘም። እሱ ከዶላር ጋር ነው ዝምድናው።

ጥር 15

ጥምቀት አለፈ። ዛሬ ሁለት ነገር ሰማሁ፣ ሁለቱም አናደዱኝ።

አንደኛው፦ የሪያዷ ልጅ ቤት ገዛች። የሁለተኛ ፎቅ ጎረቤቴን። በ2.8። አሁን ደረጃ ላይ ስንገናኝ ፈገግ ይላል።

ሁለተኛው፦ ባለቤቴ የኮምቦልቻ ጓደኛዋን ገዥ መስላ ደላላዬ ጋ እንድትደውል አደረገቻት። «ያ ሦስተኛ ፎቅ ያለው? 3.4 ነው፤ ባለቤቱ ግትር ሰው ነው፣ አይቀንስም» አላት። እኔ 3.2 ያልኩትን። ለካ ከላይ ሁለት መቶ ሺህ ጭኖበት እየዞረ ነው። ከ3.2 በላይ የተገኘውን ሊወስድ። እኔ ለሁለት ወር ሰው ለምን አይመጣም እያልኩ ጣሪያ አያለሁ።

አልተጣላሁም። ደሴ ትንሽ ከተማ ናት፤ ከደላላ ጋር ተጣልቶ መንገድ ማቋረጥ አይቻልም። ሁለተኛ ደላላ ጨመርኩ። ወረቀቱን ከመስኮት አውርጄ ዋጋውን በትልቁ ጽፌ መልሼ ለጠፍኩ። ቴሌግራም ላይም ፎቶውን ከነዋጋው አወጣሁ። «ዋጋ በስልክ» የሚሉት ነገር ለደላላ እንጂ ለሻጭ አይጠቅምም።

የካቲት 24

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ገጠሙ። የካቲት 17 እኛ ጀመርን፣ የካቲት 22 እነሱ። ሕንፃው ውስጥ ቀን የሚበላ ሰው የለም፤ ሕፃናቱ ብቻ። የኔ ደላሎች አንዱ ሙስሊም አንዱ ክርስቲያን ናቸው። ሁለቱም በአንድ ቃል «ከፆም በኋላ» አሉኝ።

ዝቅ አደረግሁ። 3,050,000። ለማንም አልተናገርኩም። ወረቀቱን ማታ በጨለማ ነው የቀየርኩት፤ እንደ ሌባ።

ፌሮ 1,500። «2,033» ብላ ጻፈች። ዝም አለች። ይህ ቁጥር ኅዳር ላይ እንቢ ካልኩት ያነሰ መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው። ዋጋዬን በሁለት መቶ ሺህ ብር ከፍ አድርጌ ይዤ በብረት ስንቆጥረው ወርጃለሁ።

መጋቢት 9

አንድ ሰው መኪና በቤት እንለውጥ አለኝ። አሮጌ አይሱዙ። እማ መስኮት ላይ ሆና አየችውና «ይሄን ማን ደረጃ ያወጣዋል?» አለች።

መጋቢት 28

ዒድ አለፈ። የእህል ነጋዴ መጣ፤ ቤቱን ወደደው። 3 ሚሊዮን ተስማማን። 50,000 ቀብድ ሰጠኝ፤ ቀሪውን በአርባ አምስት ቀን። ወረቀቱን ከመስኮት አወረድኩ። እማ ዕቃ መሸከፍ ጀመረች።

ግንቦት 13

አርባ አምስቱ ቀን አለፈ። ሰውየው ደወለ። እህል የጫነ መኪናው መንገድ ላይ ቆሟል፣ ገንዘቡም አብሮት። ድምፁ ውስጥ ውሸት አልሰማሁም።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ የ1952ቱ፣ ስለ ቀብድ ግልጽ ነው። ሰጪው ካፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል። ተቀባዩ ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል። ስለዚህ 50,000ው የኔ ነው።

ሐጂ ጋ ወጥቼ ነገርኳቸው። ፍርድ ፈልጌ አይደለም፤ የሚናገረኝ ሰው ፈልጌ ነው መሰለኝ። ሐጂ ቡናቸውን ፉት አሉና «ሕጉ ያንተ ነው። ሰውየውን ግን ያሰረው መንገድ ነው» አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም።

40,000 መለስኩለት። 10,000 አስቀረሁ፤ አንድ ወር ተኩል ቤቴን ከገበያ አውጥቻለሁና። ሰውየው መረቀኝ። ባለቤቴ «10,000 = 6 ፌሮ» ብላ ጻፈች። ደብተሩን ደብቄው ነበር፤ ከየት እንዳገኘችው አላውቅም።

ግንቦት 24

ሁለት መምህራን። ባልና ሚስት። ያላቸው ዕቁብ የወጣላቸው ገንዘብ፣ የሸጡት መሬት፣ የቀረውን ደግሞ ጅዳ ያለች እህታቸው ትሞላለች። ሴቲቱ ቧንቧ አልከፈተችም። ባኞ ቤት ገብታ ጣሪያውን በጣቷ ዳበሰችና «ይሄ ተጠግኗል» አለች። አባቷ ግንበኛ ነበሩ። ሁሉንም ነገርኳት። ካርታ የሚመስለውን እድፍ፣ የተወተፈውን ጨርቅ፣ የሐጂን ወለል። ሰው ከሰማሁት ይልቅ ያልሰማሁት ይከፋል ብሎ እንደሚፈራ ያን ቀን ነው የገባኝ። ሳልደብቅ ስነግራት ትከሻዋ ወረደ።

ሐጂ «ቡና እኔ ቤት ነው» አሉ። ወጣን። እነሱ 2.8፣ እኛ 3.05። ሦስቱም ስኒ እስኪያልቅ ሌላ ወሬ ነው የተወራው። ስለ ተማሪዎች፣ ስለ ጉም፣ ስለ ጤፍ። በመጨረሻ ሐጂ «2.9 በሉና ሁላችሁም ትንሽ ትንሽ ይክፋችሁ» አሉ። ሁላችንም ትንሽ ከፋን። ዱአ አደረጉ። «ለገባበትም ለወጣበትም ኸይር ያድርገው» አሉ። አሚን አልን፣ እማም ጭምር።

አከፋፈሉ ነው ያስቸገረው። እነሱ ስም ሳይዛወር ሁሉን መክፈል ይፈራሉ። እኔ ሁሉን ሳልቀበል ስም ማዛወር እፈራለሁ። ሁለታችንም ልክ ነን። መፍትሔው፦ 1,900,000 ውል ስንፈርም፤ 1,000,000ው በስሜ የተሠራ ሲፒኦ (ባንክ ያረጋገጠው የክፍያ ሰነድ) ሆኖ ሐጂ እጅ ይቀመጣል፤ ካርታው በነሱ ስም በወጣ ቀን ሐጂ ይሰጡኛል። ይህን በየትኛው ከተማ በየትኛው ሽማግሌ እጅ ማድረግ እንደሚቻል አላውቅም። እኛ ጋ ግን ቻልን።

ሰኔ 5

ውል ተፈረመ፣ ተመዘገበ። በእጅ ጽፎ ምስክር አስፈርሞ መሄድ ለማይንቀሳቀስ ንብረት እንደማይበቃ ለረሳ ሰው ላስታውስ፤ በሚመለከተው አካል ዘንድ መመዝገብ አለበት።

ታክስ ላይ ልቤ ቆሞ ነበር። ሕንፃ ሸጦ ትርፍ ያገኘ ሰው ከትርፉ 15 በመቶ ይከፍላል። ለመኖሪያነት ብቻ የያዝነውና የኖርንበት ቤት ስለሆነ ግን ይህ እኛን አይነካንም፤ ያንን በማስረጃ ማሳየት ብቻ ነው። ከቀበሌ ደብዳቤ አመጣሁ። የቴምብር ቀረጡን፣ 2 በመቶውን፣ ገዥዎቹ ከፈሉ። የመጀመሪያው ደላላ ገዥዎቹን እሱ እንዳላመጣ እያወቀ ኮሚሽን ጠየቀ። ያ ፈገግታ የሌለው ቀን ነበር፤ አልጽፈውም።

ሲፒኦው መጣ። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። «ልጄ፣ የአያትህን ስም በየትኛው ሀ ነበር ያስተካከልከው?» አሉኝ።

ባንኩ በ«ሀ» ጽፎታል። በሃሌታው። በ«ሐ»ም አይደለም፣ በ«ኃ»ም አይደለም። ሦስቱም ሀ ተሟሉልኝ። ተመልሶ ተሠራ፤ አራት ቀን።

ሰኔ 25

ካርታው በስማቸው ወጣ። ሐጂ ሲፒኦውን ከቁርኣናቸው መደርደሪያ ሥር አውጥተው ሰጡኝ።

ሬዲዮው የውጭ ዜጎች ኢትዮጵያ ውስጥ ቤት እንዲገዙ የሚፈቅድ አዋጅ ጸደቀ ይላል። ቢያንስ 150 ሺህ ዶላር የሚያወጣ መሆን አለበት። ሁለተኛ ፎቁን፣ ሦስተኛ ፎቁንና የሐጂን ጨምረን ብንሸጥ እንኳ አንደርስም።

የዘገየሁትን ቆጠርኩ። የዋጋ ንረቱ እየረገበ ነው በተባለበት በዚህ ዓመት እንኳ ከ13 በመቶ በታች አልወረደም። ባለቤቴ የመጨረሻውን መስመር ጻፈች። 2,900,000። ፌሮ 1,620። «1,790»። ኅዳር ላይ እንቢ ያልኩት 2,065 ነበር። በብር ሃምሳ ሺህ ጨምሬ፣ በፌሮ 275 አጉድያለሁ። ቁጥሩን ከበበችውና ደብተሩን ዘግታ እራት አቀረበች። አንድ ቃል ብትናገር ይሻለኝ ነበር።

ሐምሌ 2

እማ ደረጃውን ለመጨረሻ ጊዜ ወረደች። በየእርከኑ ቆማ የጎረቤቱን በር ሁሉ አንኳኳች። ሦስት ፎቅ ለመውረድ ሁለት ሰዓት ፈጀ፤ በየቤቱ ቡና ነበረ።

ሐምሌ 9

ኮምቦልቻ። ዝናብ ሊመጣ ነው። ያዘዝነው ፌሮ በአይሱዙ ደረሰ። 210 ዘንግ ባለ 12፣ ከሁለት ቶን በላይ። ሾፌሩ «አብሽር ጋሼ፣ ሙሉ ነው፣ ፈርምልኝ ልሂድ» አለኝ። ልፈርም እስክሪብቶ ያዝኩ። ባለቤቴ ደብተሯን ይዛ መጣችና «እንቁጠር» አለች።

እኔ በአንድ ጫፍ እሷ በሌላው ቆመን ቆጠርን። 208። ደግመን ቆጠርን። 208።

ሾፌሩን ጠራሁት።